«ምን እናብላው?» ከማለት በፊት፦ የምግብ ድጋፍና የፋርማሲስቱ ድርሻ በካንሰር ማስታገሻ ህክምና

ካንሰሩ ተሰራጭቷል፣ ከእንግዲህ የሚሰጠው ህክምና ስቃይን ለማስታገስ ነው ከተባለ በኋላ ቤተሰብ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ያኔ ሁሉም ፊቱን ወደ ማዕድ ቤት ያዞራል። በግ ይታረዳል፣ መረቅ ይፈላል፣ አጥሚት ይሠራል፤ ጠያቂውም ብርቱካንና ማንጎ ይዞ ይመጣል። ህመምተኛው ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ፊቱን ሲያዞር «አፈር ስሆን»፣ «ለእኔ ስትል» ይጀመራል። ልመናው ወደ ቁጣ፣ ቁጣው ወደ ለቅሶ ይሄዳል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ምን እናብላው?

ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ቸኩሏል። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «እንዳይበላ የከለከለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከራስጌ በተንጠለጠለው የመድኃኒት ፌስታል ውስጥ ነው። ያንን ፌስታል ዘርግፎ ማንበብ የተማረው ባለሙያ ፋርማሲስቱ ነው። በአብዛኞቹ የጤና ተቋሞቻችን ግን ከመስኮት ወዲያ ቆሞ ማዘዣ ተቀብሎ መድኃኒት ከማቀበል ያለፈ ጊዜም ቦታም አልተሰጠውም። ይህ መለወጥ አለበት የምለው በምን ምክንያት እንደሆነ ከዚህ በታች ላስረዳ።

የጉዳዩን ስፋት ለመረዳት ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በዓመት 80 ሺህ ገደማ ሰዎች አዲስ በካንሰር ይያዛሉ፤ ከ50 ሺህ በላይ ደግሞ ይሞቱበታል። በሴቶች ላይ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ይበዛሉ። በአርሲና በባሌ ደግሞ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ጎልቶ ይታያል። እዚያ ህመምተኛው በመጀመሪያ እንጀራ አልወርድ ይለዋል፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻም ውኃ። ሐኪም ቤት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ ብቻ መዋጥ ሲችል ነው።

ማስታገሻ ህክምና ሲባል «ከእንግዲህ ምንም አይደረግለትም» ማለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት ይህንን ሐሳብ ያፈረሰ ነበር። ሥር የሰደደ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በሽታው እንደታወቀ ከካንሰሩ ህክምና ጎን ለጎን ማስታገሻ ክትትል ተጀመረላቸው። ኑሯቸው ተሻለ፣ የድባቴ ስሜታቸው ቀነሰ፤ በሕይወት የቆዩበት አማካይ ጊዜም ክትትሉን ካላገኙት 8.9 ወር ጋር ሲነጻጸር 11.6 ወር ሆነ። በአገራችን ይህን አገልግሎት በቤት ለቤት ክብካቤ ካስጀመሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይጠቀሳል። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ህክምና መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ ማውጣቱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ መመሪያው ህመምተኛው ቤት ድረስ የሚገባው ግን በሰው እጅ ነው።

ክሳቱ ረሃብ ብቻ አይደለም

የተራበ ሰው አካል ቆጣቢ ነው። ስቡን ያቃጥላል፣ ጡንቻውን በተቻለ መጠን ያቆያል፤ ምግብ ሲያገኝም ይመለሳል። የካንሰር ክሳት መንገዱ ሌላ ነው። ዕጢው ራሱና ዕጢውን የሚዋጋው የሰውነት መከላከያ የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች አንጎል ውስጥ የረሃብን ስሜት ያዳክማሉ፣ ጡንቻን ያፈርሳሉ፣ ሰውነት ያለ ሥራ ጉልበት እንዲያባክን ያደርጋሉ። ስለዚህ ህመምተኛው በቂ ቢበላ እንኳ ሊከሳ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች ተሰብስበው በላንሴት ኦንኮሎጂ መጽሔት ያወጡት ስምምነት ለዚህ ክሳት መለኪያ አስቀምጧል፦ በ6 ወር ውስጥ ሳይፈልጉ ከክብደት 5 በመቶ በላይ መቀነስ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ከ3 ኪሎ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ቀድሞውንም ቀጭን ለሆነ ሰው ደግሞ 2 በመቶው ማለፉ ይበቃል። ስምምነቱ ክሳቱን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፦ ገና የሚጀምርበት፣ የጸናበት እና ምንም ቢደረግ የማይመለስበት። ምግብ ብቻውን ክሳቱን ሙሉ በሙሉ ሊመልሰው እንደማይችልም በግልጽ ይናገራል።

እዚህ ላይ ለአስታማሚዋ በቃል መነገር ያለበት ነገር አለ። እናትሽ የከሱት አንቺ ስላላበላሻቸው አይደለም። ይህን የሚነግራት ባለሙያ ባለመኖሩ ብቻ ዕድሜ ልኳን የማይገባትን ጸጸት የተሸከመች ስንት ልጅ አለች!

ይህ ማለት ግን ምግብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች በቂ ምግብ ጉልበትን ያቆያል፣ ኬሞውን ለመቋቋም ያግዛል። የአውሮፓ የክሊኒካል አመጋገብ ማኅበር መመሪያ ለካንሰር ታካሚ በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ከ1,250 እስከ 1,500 ካሎሪ፣ ከ50 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ይህን ብዙ መብላት ለማይችል ሰው ማድረስ የሚቻለው መጠኑን ሳያበዙ ምግቡን በማበልጸግ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን። በውኃ የተሠራ አጥሚት በወተት ቢሠራ፣ ቅቤና የተፈጨ ኦቾሎኒ ቢገባበት፣ ያው ግማሽ ስኒ እጥፍ ያህል ሥራ ይሠራል። መረቅ ግን የታመነበትን ያህል አይደለም፤ ጣዕሙና ጨዉ ይወጣል እንጂ ፕሮቲኑ በአብዛኛው ከሥጋው ጋር ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ሥጋውን አድቅቆ ከመረቁ ጋር መስጠት ይሻላል። በቀን 3 ጊዜ ሞልቶ ከማቅረብ 5 ወይም 6 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማቅረብ፤ የወጥ ሽታ ለሚያስመልሰው ቀዝቀዝ ያለ እርጎ፤ አፉ ለቆሰለ በርበሬና ሎሚ የሌለበት አልጫ ፍትፍት። ኬሞ ላይ ላለና የሰውነት መከላከያው ለወረደበት ሰው ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይሰጥም።

ጾምን ማንሳት የግድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ህሙማንን ከጾም ግዴታ ነጻ ታደርጋለች፤ እስልምናም እንዲሁ። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የጾመ ሰው በመጨረሻው ዘመኑ ጾም ሽሮ እንቁላል ብላ ቢሉት ነፍሱ አትፈቅድም። ባለሙያ እዚህ ላይ መከራከር የለበትም። የንስሐ አባታቸው ቢያነጋግሯቸው ይፈታ ይሆናል፤ ካልተፈታ ደግሞ ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ለውዝ፣ አቮካዶ አለ። ከባዱ ሌላው ነው፦ ጾመኛው የጠዋቱን መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያቆየው፣ ጸበል የገባው ደግሞ ጨርሶ ሲተወው። ይህን ሳይቆጣና ሳይነቅፍ ጠይቆ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ከጾሙ ጋር አስታርቆ የሚያወጣ ባለሙያ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን በቀን አንዴ ወደሚወሰድ ዓይነት መቀየር ይቻል እንደሆነ የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ነው።

ከአሜሪካም ከአረብ አገርም ዘመድ በሻንጣ የሚልከው ኢንሹርና የቫይታሚን ብልቃጥም በዚሁ ይጠቀሳል። ኢንሹር መብላት ላቃተው ሰው ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ 220 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ከዕለት ፍጆታ በላይ የሆነ የቫይታሚን ክኒን ግን ለካንሰር ታካሚ ጥቅሙ አልተረጋገጠም። ያ ብር እንቁላል ቢገዛበት ይሻል ነበር።

ፌስታሉ ሲዘረገፍ

የማህፀን በር ካንሰር ያለባቸው፣ ስኳርና የደም ግፊትም የቆየባቸው አንዲት የ60 ዓመት እናት እናስብ። ምግብ አልበላ ብለዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ሆዳቸው ከደረቀ ሳምንት ሊሆነው ነው። ልጃቸው ፌስታሉን ይዛ መጣች፤ ፋርማሲስቱ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። እንዲህ ያለው ፌስታል በአገራችን ብርቅ አይደለም፤ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ እንየው።

ሜትፎርሚን አለ፤ ለስኳሩ። ይህ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል። እናትየው ሲበሉ በነበረበት መጠን የታዘዘ ነው፤ አሁን ግን መብላት ካቆሙ ሰንብተዋል። አብሮት ሌላ የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ቢኖር ኖሮ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችሉ ነበር። የደም ማነስ ክኒን አለ፤ አይረን ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል። ለሚሸተው ፈሳሽ የተሰጠ ሜትሮኒዳዞል አለ፤ ለሽታው ፍቱን ነው፣ ግን ምላስን ያመራል። በአፍ ከመዋጥ በቁስሉ ቦታ ላይ በቀጥታ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ ሊጠየቅ ይገባል። ለሚያቃጥለው የነርቭ ህመም አሚትሪፕቲሊን አለ፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድም ያደርቃል። ለህመሙ የተሰጠው ትራማዶልም ማቅለሽለሽና ድርቀት ይጨምራል።

ቀጥሎ አንዱ ሌላውን የሚያፈርሱ ሁለት መድኃኒቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ብዙዎች ፕላዚል የሚሉት ሜቶክሎፕራማይድ ጨጓራን እያንቀሳቀሰ ምግብን ወደ ታች ይገፋል። ቡስኮፓን ደግሞ አንጀትን ያዝናናል፣ እንቅስቃሴውን ያቆማል። ሁለቱን በአንድ ላይ መስጠት በአንድ እጅ እየገፉ በሌላው እንደ መጎተት ነው። አንዱን ያዘዘው ሌላ ክፍል ነው፣ ሌላውን ያዘዘው ሌላ። ጥፋት ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ስላልነበረ ብቻ የሆነ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ከሰፈር ፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛው ዳይክሎፌናክ ነው። የማህፀን በር ካንሰር እየሰፋ ሲሄድ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱትን የሽንት ቱቦዎች ይጫናል፤ ኩላሊት ይደክማል። በደከመ ኩላሊት ላይ ዳይክሎፌናክና የደም ግፊቱ ኢናላፕሪል ሲደረቡ ጉዳቱ ይፋጠናል፤ ሜትፎርሚንም አደገኛ ይሆናል። ማቅለሽለሹ ራሱ ከተጠራቀመው የኩላሊት ቆሻሻ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወደፊት ሞርፊን ቢጀመርላቸው እሱም ሰውነታቸው ውስጥ እየተጠራቀመ እንዳይጎዳቸው መጠኑና የመውሰጃ ሰዓቱ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የኩላሊት ምርመራ ይሠራላቸው ብሎ ሐኪሙን የሚያሳስበው እንግዲህ ይህ ጠረጴዛ ነው።

በፌስታሉ ግርጌ ጥቁር አዝሙድ በማርና የተልባ ዱቄት አሉ። ተልባ ለድርቀት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ውኃ ለማይጠጣና አንጀቱ በዕጢ ለጠበበ ሰው መዝጊያ ሊሆን ይችላል። ልጋጉም መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያዘገይ ከክኒን ጋር በአንድ ላይ መጠጣት የለበትም፤ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ቢለያዩ ይመረጣል። አስታማሚዋ ይህን ለፋርማሲስቱ የምታሳየው እንደማይቆጣት ስታውቅ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሲጣራ ከእነዚህ መድኃኒቶች አምስት ወይም ስድስቱ ከሐኪሙ ጋር ተመክሮበት ሊቆም ወይም ሊቀየር ይችላል። ማቆም ህክምናን መንፈግ የሚመስላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ የሕይወት ዘመናቸው አጭር እንደሆነ የተገመተ 381 ሰዎችን ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን በማስቀጠልና በማስቆም አነጻጽሯል። ያቆሙት በ60 ቀን ውስጥ በሞት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም፤ የኑሯቸው ሁኔታ እንዲያውም ተሽሎ ተገኝቷል። ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣን የልብ ሕመም ለመከላከል የሚወሰድ ክኒን፣ ጥቂት ወራት ለቀሩት ሰው ሆድ የሚሞላ ሸክም ነው።

አፍን ማየትም ከዚሁ ሥራ ይቆጠራል። በምላስ ላይ ነጭ ሽፋን ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ በኒስታቲን ወይም በፍሉኮናዞል ይታከማል፣ ከታከመም ሰውየው በጥቂት ቀን ውስጥ መዋጥ ሊጀምር ይችላል። በኬሞ ለቆሰለ አፍ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን ደጋግሞ መጉመጥመጥ ዋጋው የማይጎዳ ጥሩ እርዳታ ነው።

ህመምና ሞርፊን

የሚያመው ሰው አይበላም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ክሳቱን ለማከም ሲታሰብ ከሞርፊን የሚጀምር ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ህመም ማስታገሻ መሰላሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የላንሴት ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ፣ በዓመት በዓለም ከሚከፋፈለው ከሞርፊን ጋር ተመጣጣኝ የሆነ 298.5 ቶን መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን አስፍሯል። ይህን ቁጥር አንብቦ ዝም ማለት ይከብዳል።

ዩጋንዳ ከዚህ መውጫ ያገኘችው በፋርማሲ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በዶክተር አን ሜሪማን የተመሠረተው ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳ የሞርፊን ዱቄትን በውኃ በጥብጦ፣ ማቆያ ጨምሮ፣ በቀለም ለይቶ ያዘጋጃል፤ አረንጓዴው ደካማው፣ ሮዙ ጠንከር ያለው፣ ሰማያዊው ኃይለኛው ነው። ማንበብ የማይችል አስታማሚ እንኳ በቀለሙ ይለየዋል። ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችም ሞርፊን እንዲያዙ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጓን አሻሽላለች። በእኛ አገር ሞርፊን በልዩ የናርኮቲክ ማዘዣ ይወጣል፣ በቁልፍ ይቀመጣል፣ በመዝገብ ይቆጠራል። ቁጥጥሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፋርማሲስቱ ቁልፉን ለመጠበቅ የተሰጠውን ያህል ኃላፊነት፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ቀድሞ ለመጠየቅም ሊሰጠው ይገባል።

ሞርፊን ለጀመረ ሰው የሆድ ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘለት ማዘዣው ጎዶሎ ነው። ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ይለቃል፤ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ቢሳኮዲል ወይም ሴና ከመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት። ሳምንት የደረቀ ሆድ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ያስመልሳል፣ ያስቃዣል፤ ቤተሰብ ደግሞ «ሞርፊኑ ገደላት» ብሎ ያቆመዋል፣ ህመሙም ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚመጣው በጥቂት ብር የሚገዛ ክኒን በመረሳቱ ነው።

የምግብ ፍላጎት ስለሚከፍቱ መድኃኒቶች

«ፍላጎት የሚከፍት ነገር ስጡን» ለሚለው ጥያቄ ሐቀኛ መልስ መስጠት የፋርማሲስቱ ግዴታ ነው። ዴክሳሜታዞን ፍላጎትን በቶሎ ይከፍታል፣ ጉልበትም ይሰጣል፤ ለጥቂት ሳምንት። ከዚያ በላይ ሲቆይ ጡንቻን ያመነምናል፣ ስኳርን ያወጣል፣ አፍ ውስጥ ፈንገስ ያበቅላል። ከሰዓት በኋላ ከተወሰደም እንቅልፍ ይነሳል፤ ስለዚህ ጠዋት ነው የሚሰጠው። ሜጀስትሮል ክብደት ይጨምራል፣ ግን የሚጨምረው በአብዛኛው ስብ ነው፤ ደም የመርጋት አደጋም አለው። አናሞሬሊን የተባለውን መድኃኒት ጃፓን ስትፈቅድ የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ከልክሎታል።

ለእኛ ይበልጥ የሚያጓጓው ከሕንድ የመጣው ነው። በፑዱቼሪ በሚገኘው ጂፕመር ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ ኬሞ ለሚጀምሩ 124 የጨጓራ፣ የሳንባና የጉበት አካባቢ ካንሰር ታካሚዎች በቀን 2.5 ሚሊግራም ኦላንዛፒን ወይም ባዶ ክኒን ለ12 ሳምንት ሰጠ። ክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ የጨመረው ኦላንዛፒን ከወሰዱት 60 በመቶው ሲሆኑ፣ ባዶውን ከወሰዱት 9 በመቶው ብቻ ናቸው። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርም በዚያው ዓመት መመሪያው ውስጥ አስገብቶታል። ኦላንዛፒን በአእምሮ ህክምና ከቆየ ረጅም ጊዜ ሆኖታል፣ ርካሽም ነው። እንቅልፍ ያመጣል፣ ስለዚህ ማታ ይወሰዳል፤ ከሞርፊን ጋር ሲደረብም ድብታው ይበረታል። የአእምሮ መድኃኒት መሆኑን ሰምታ አስታማሚዋ እንዳትደነግጥ በመስኮቱ ላይ አንድ ደቂቃ ወስዶ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በቱቦና በደም ሥር

ቱቦ በአፍንጫ ወይም በሆድ የገባለት ሰው መድኃኒቱም በዚያው ያልፋል፤ ጥፋት በብዛት የሚሠራውም እዚህ ነው። ለ12 ሰዓት ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ የሞርፊን ክኒን ተፈጭቶ በቱቦ ቢሰጥ የ12 ሰዓቱ መጠን በአንዴ ይለቀቃል፤ ሰው ይገድላል። ሽፋን ያለው ክኒን ሲፈጭ ሥራውን ያጣል ወይም ቱቦ ይዘጋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት ጋር ይያያዝና ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። እያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻው፣ ከፊቱም ከኋላውም ውኃ እየተከተለው ነው የሚሰጠው። የቱቦውን ምግብ ወንፊት ያላለፈ አጥሚት ወይም ተልባ ያደረገ ቤተሰብ ቱቦውን ለማስቀየር ተመልሶ መንገድ ይገባል።

የምግብ ቧንቧው ተዘግቶ ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይበላ የቆየ የአርሲ ገበሬ ቧንቧው በስቴንት (ከፍቶ በሚይዝ ቱቦ) ሲከፈትለት የቤተሰቡ ደስታ ወሰን የለውም። እዚህ ላይ ግን ዝግ ማለት ያስፈልጋል። በድንገት ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሴሎች ሸሽተው ልቡ ሊቆም ይችላል። መጀመሪያ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል፤ ምግቡ በኪሎ 10 ካሎሪ ገደማ ተጀምሮ በቀናት ውስጥ ይጨመራል።

«ግሉኮስ ይተከልለት» የሚለው ልመና ደግሞ በየዋርዱ ይሰማል። አንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ 200 ካሎሪ አይሞላም፤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሥር የሰደደ ካንሰር ያለባቸውን 129 ሰዎች ግማሾቹን በቀን 1 ሊትር፣ ግማሾቹን 100 ሚሊሊትር ብቻ ፈሳሽ በደም ሥር ወይም በቆዳ ሥር ሰጣቸው፤ በስቃይም፣ በኑሮ ሁኔታም፣ በዕድሜም ልዩነት አልተገኘም። ሰውነቱ ሊያስወግደው የማይችለው ፈሳሽ እግር ያሳብጣል፣ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ሙሉ ምግብን በደም ሥር መስጠት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በስታንሊ ዱድሪክና በባልደረቦቹ ሥራ የተጀመረ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን በማስታገሻ ህክምና ቦታው ጠባብ ነው። አንጀቱ ፈጽሞ ላልሠራና ከበሽታው ይልቅ ረሃቡ ቀድሞ ሊገድለው ለሚችል፣ ወራት ለሚጠበቁለት ሰው ብቻ ይታሰባል። አዘገጃጀቱም ስህተትን አይምርም። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በከረጢቱ ውስጥ ካልሲየምና ፎስፌት ተጋግረው ሁለት ሰዎች መሞታቸውን አስጠንቅቆ ነበር። ያለ ንጹሕ የማዘጋጃ ክፍልና ያለ ሠለጠነ ፋርማሲስት ባይጀመር ይመረጣል።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ሌላ ናቸው። መዋጥ የተሳነው ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ማንኪያ ወደ ሳንባ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ረሃቡም ጥሙም ደክሟል፤ የሚያስቸግረው የአፍ ድርቀት ነው። ንጹሕ ጨርቅ አርጥቦ ከንፈርና ምላስን ማራስ፣ ከንፈርን ቫዝሊን መቀባት፣ መድኃኒትን ከክኒን ወደ ጠብታ ወይም ወደ ቆዳ ሥር መርፌ ማዞር። ጉርሻው ሲቀር ለቤተሰቡ የሚሠራው ሌላ ነገር መኖሩን ማሳየት ይገባል።

ማን ይሥራው?

ይህን ሁሉ ለመሥራት አዲስ ሙያ መፍጠር አያስፈልግም። የፋርማሲ ትምህርታችን ባለፉት ዓመታት ወደ ህመምተኛው አልጋ እየቀረበ መጥቷል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ክሊኒካል ፋርማሲን በማስተርስ ደረጃ የሚያስተምሩ አሉን። ተመራቂው ግን ሆስፒታል ሲገባ አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው በመጋዘንና በመስኮት ነው። በማስታገሻ ህክምና ቡድን ውስጥ ሐኪምና ነርስ ሲቀመጡ የፋርማሲስቱ ወንበር ባዶ መሆኑ ብክነት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከቡድኑ ጋር ዋርድ ይዙር፤ ኬሞ የሚጀምር ሁሉ መድኃኒቱ በአንድ ሰው እጅ ይገምገም፤ ክብደቱ በየቀጠሮው ይመዝገብ። ኤችአይቪ ላለባቸውና በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሰዎች በማዘዣ የሚሰጠው የለውዝ ቅባት ዓይነት ምግብ ለካንሰር ህሙማንም ቢታሰብ መልካም ነው። አንዱ 92 ግራም እሽግ 500 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ እዚሁ አገር ውስጥም ይመረታል።

ለቤተሰብ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም የሰፈሩንም፣ ሳትመርጡና ሳትደብቁ ለፋርማሲስት አሳዩ፤ የትኛው እንደሚያስፈልግና የትኛው እንደማያስፈልግ ሐኪሙን እንዲጠይቅላችሁ ጠይቁት። በራሳችሁ ግን አታቁሙ። በተለይ ዴክሳሜታዞን ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በድንገት ቢቋረጥ የደም ግፊት ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል፤ የሚቆመው መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።